ልጁ ዝም ያለው ስለለመደ አይደለም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ልጄ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ሌሊት ጋደም ማለት እያቃተው ሆስፒታል ገባ። በሩማቲክ ሕመም አንዱ የልብ በሩ ተጎድቶ ደም ወደ ኋላ እንደሚመልስ ተነገረን። አሁን በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ለእሱ የነገርነው ጉንፋን እንደነበረና መርፌው ቫይታሚን እንደሆነ ነው። መጀመሪያ ላይ ‹ዛሬ መርፌ የለም› ብለን እንወስደውና አባቱና ሁለት ነርሶች ይዘውት ይወጋ ነበር። ይጮህ ነበር። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ይላል። ለመደው ብለን ደስ አለን። ባለፈው ግን የቀጠሮ ካርዱን ፍራሹ ሥር ደብቆት አገኘሁ። አንድ ሌሊት ደግሞ ‹እማዬ፣ እሞታለሁ እንዴ?› አለኝ። ደንግጬ ‹ምን ያለው ሟርት ነው!› ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ወር ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ተብሏል፤ ሐኪሙም ልጁን ራሱን ማነጋገር ይፈልጋሉ። አክስቱ ‹እስከ ዕለቱ እንዳትነግሩት፣ ልቡ አይችለውም› ትላለች። አባቱ ‹የ9 ዓመት ልጅ ምን አስተያየት አለው?› ይላል። አጎቱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በስልኩ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነበር። እህቱም ከእሱ ጋር መተኛት ትታለች። ግራ ገብቶኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያልኩት «ለመደው ብለን ደስ አለን» ያሉት ላይ ነው። ልጅ መርፌን እንዲህ አይለምድም። ይጮህ የነበረው የሚሰማኝ አለ ብሎ ነው፤ የሚሰማው ሲያጣ ተወው።

እንዲህ ያለው ዝምታ ከእናንተ በፊትም ብዙ ትልልቅ ሰዎችን አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች የተኙ ልጆቻቸውን እንደልብ እንዲጠይቁ አይፈቅዱም ነበር። «እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ ያለቅሳል፤ ካልመጣች ጸጥ ብሎ ይታከማል» ነበር ምክንያታቸው። ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ሰው ክፍሎቹ ውስጥ እየገባ ልጆቹን ሲከታተል ግን ሌላ ነገር አየ። ልጁ መጀመሪያ እያለቀሰ ይቃወማል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይርቅና እናቱ ስትመጣ እንኳ ፊቱን ያዞርባታል። ሠራተኞቹ «ተረጋጋ» የሚሉት ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ ያለውን ልጅ ነበር። በ1959 የፕላት ሪፖርት ተብሎ የሚታወቀው የእንግሊዝ ሰነድ ወላጆች በማንኛውም ሰዓት እንዲገቡ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ ሐሳብ አቀረበ። ለውጡ ከዚያም በኋላ ዓመታት ፈጅቷል፤ ሆስፒታል የለመደውን ቶሎ አይተውም።

የእርስዎ ልጅ መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለቴ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ ጠይቆዎታል። በእርስዎ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

«ይነገረው ወይስ አይነገረው» የሚለው የቤታችሁ ክርክር ግን ጊዜው አልፎበታል። ካርድ ፍራሽ ሥር የሚደብቅ ልጅ ወረቀቱ ከጠፋ ቀኑም ይጠፋል ብሎ አስቧል። ቫይታሚን ለመስጠት ሦስት ትልልቅ ሰው እንደማያስፈልግም ገብቶታል። ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የተባሉ አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ባህልና አኗኗር ጥናት) ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደም ካንሰር የያዛቸውን ከ3 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ሲያጠኑ፣ ማንም ሳይነግራቸው የሕመማቸውን ክብደት ደርሰውበት አገኟቸው። ማወቃቸውን ግን ከወላጆቻቸው ይደብቁ ነበር፤ ነገሩ ሲነሣ ትልልቆቹ እንደሚሸሹ አይተዋላ! አክስቱ ልቡ አይችለውም ያሉት ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ልቡ እስካሁንም ችሎት ነው ያለው፤ ብቻውን።

ስለዚህ ሕመሙን ከማስረዳትዎ በፊት ውሸቱን ማንሣት አለብዎት። የቀጠሮ ቀን አይሁን፤ የመኝታ ሰዓትም አይሁን፤ ነግረውት መብራት አጥፍተው እንዳይወጡ። እጃችሁ ሥራ ይዞ ጎን ለጎን የተቀመጣችሁበት ሰዓት ይመረጣል፤ ልጅ ፊት ለፊት ካፈጠጡበት ይልቅ እንዲያ ሲሆን ያወራል። ከዚያ በአጭሩ ይንገሩት፦ «መርፌ የለም ብዬህ የተወጋህ ቀን ዋሽቼሃለሁ። እንዳታለቅስ ፈርቼ ነው፤ ልክ አልነበርኩም። ከእንግዲህ መርፌ ካለ ከዋዜማው እነግርሃለሁ። የለም ካልኩህ የለም ማለት ነው። ያን ሌሊትም የተቆጣሁት ስለደነገጥኩ እንጂ አንተ አጥፍተህ አይደለም።» እዚህ ላይ ያቁሙ። ይቅርታ ሲበዛ ልጁ ዞሮ እርስዎን ማባበል ይጀምራል።

ቀጥሎ እሱ ይናገር። «አንተ ለምን ሆስፒታል የምንመላለስ ይመስልሃል?» ይበሉትና ዝም ብለው ይጠብቁ። የሚሰሙት ሊያስደነግጥዎ ይችላል። ብዙ ልጆች ሕመምን እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል፤ «አርፈህ ካልተቀመጥክ ትወጋለህ» እየተባለ ያደገማ ምን ይገርማል! ምን እንደሚያስብ ሳያውቁ ማስረዳት ከጀመሩ፣ ያልጠየቀውን እየመለሱለት የሚያስፈራው ነገር በሆዱ ይቀራል።

ለሕመሙ ማብራሪያ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «ጉሮሮ የሚያሳምም ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም አለ። ሰውነትህ እሱን ሲዋጋ ተሳስቶ የራስህን ልብ መታ። ልብ ውስጥ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉ። ካንተ አንዱ ተጎድቶ ገጥሞ አይዘጋም፤ ትንሽ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ልብህ ያንን ደግሞ መግፋት ስላለበት ይደክማል፤ ትንፋሽ የሚያጥርህ ለዚህ ነው።» የጀርሙን ስም አይዝለሉት። የ9 ዓመት ልጅ ከባድ ስም ማወቅ ደስ ይለዋል፤ የራሱ ጉዳይ ባለቤት ያደርገዋል። እርስዎም «ጉሮሮውን ሲያመው ችላ ብዬው ይሆን?» እያሉ ራስዎን እየከሰሱ ከሆነ፣ ይህ ሕመም ከሚይዛቸው ልጆች ብዙዎቹ ጉሮሯቸውን መታመማቸውን እንኳ እንደማያስታውሱ ይወቁት።

ከሁሉ የሚከብደው መርፌውን ማስረዳት ነው። የራስ ምታት ክኒን የዋጠ ልጅ ሲሻለው ያየዋል። ይህ መርፌ ግን ያማል፤ ከተወጋ በኋላም ምንም የተሻለ ነገር አይሰማውም። የተጎዳውን በር አይጠግነውም፤ ሥራው ጀርሙ ተመልሶ እንዳይመጣ መከላከል ነው፤ ምክንያቱም በተመለሰ ቁጥር በሮቹን ይበልጥ ይጎዳል። እየተሻለው በመጣ ቁጥር «አሁን ደህና ነኝ፣ ለምን እወጋለሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ደግሞ የጎበዝ ልጅ ጥያቄ ነው። መልሱን ካላወቀ መርፌው በየወሩ የሚመጣ በደል ይሆንበታል። ለዓመታት የሚዘልቅ ነገር መሆኑንም አይደብቁት፤ ብዙ ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መንገር ግን የለብዎትም። «ለረጅም ጊዜ ነው፤ ትልቅ ልጅ እስክትሆንም ይቀጥላል» ቢሉት ለጊዜው ይበቃል፤ «እስከ መቼ?» ካለ ቁጥሩን ይንገሩት።

ሕመሙንም መቀነስ ይቻላል፤ ይህንን መጠየቅ መብታችሁ ነው። መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ቅዝቃዜው እስኪለቅ መጠበቅ፣ ከመወጋቱ በፊት ቦታውን በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ጫን ማለት፣ መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ መግፋት ይረዳል። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ አብሮ ሊደባለቅ ይችል እንደሆነም ነርሷን ወይም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የሚሰጡበት ቦታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት መርፌ ባወጣው ምክር ልጁ ወላጁ ባለበት፣ ተቀምጦ እንዲወጋና «ምንም አያምም» ተብሎ እንዳይዋሽ ብሏል። ለእናንተም ይሠራል። አባቱ እጅና እግሩን ከሚይዙት፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቢያቅፉት ሌላ ነው፤ አያያዙ ምን እንዲመስል ነርሷ ታሳያችኋለች። ልጁ በድንጋጤ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ «ትንሽ ወጣ ብለን እንመለስ» ማለት ነውር የለውም። መርፌው በዚያው ቀን ከተሰጠ ግማሽ ሰዓት መዘግየቱ ጉዳት የለውም፤ ቀጠሮውን ማሳለፍ ግን አለው።

ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ ልምጣ። «የ9 ዓመት ልጅ ምን አስተያየት አለው?» የሚለውን ንቆ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ አባቶች ይጠይቁታል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ጸድቆ ከአሜሪካ በቀር የድርጅቱ አባል አገሮች ሁሉ ተቀብለውታል። አንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ የመናገር መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማብራሪያ ለዚህ መብት የዕድሜ ወለል እንደሌለው፣ መናገር የማይችል ሕፃን እንኳ በጨዋታው፣ በሥዕሉና በፊቱ ሐሳቡን እንደሚገልጽ አስፍሯል። ይህ ማለት ግን ልጁ ቀዶ ሕክምናውን ይሰርዛል ማለት አይደለም። ልጅ በራሱ የሚፈርምበት ዕድሜ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በ9 ዓመቱ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። መደመጥ ሌላ፣ መወሰን ሌላ።

እዚህ ላይ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከስድብና ከጉተታ ሸሽተው «እሺ የኔ ጌታ፣ መርፌውን እንወጋ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ «አይ» ይላል። ይወጋል። ይህ ካለመጠየቅ የባሰ ነው፤ ቃሉ ዋጋ እንደሌለው በገዛ አፉ አረጋገጡለት። «አይ» ቢል የማትቀበሉትን ነገር አትጠይቁት፤ «ዛሬ መርፌ አለ» በሉት። እውነተኛ ምርጫ ያለበትን ነገር ግን ለእሱ ተዉለት፦ በቀኝ ይሁን በግራ፣ እያየ ይሁን ዞሮ፣ ማን እጁን ይያዘው፣ እየቆጠረ ይሁን እየዘፈነ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ገላው የራሱ መሆኑን የሚያስታውሰው ግን እሱ ነው።

ለባለቤትዎ ሌላም የሚሏቸው አለ። ትንፋሹ ከበፊቱ ይበልጥ ማጠሩን፣ ልቡ ድው ድው ማለቱን፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ከተናገርኩ መርፌ ይጨምሩብኛል» ብሎ የሚያስብ ልጅ ይህንን ይደብቃል፤ ሐኪሙም በጎደለ ወሬ ይወስናል። ይኸው ልጅ ነገ የ16 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ማንም ሳይጎትተው በእግሩ ሄዶ መወጋት አለበት። ለምን እንደሚወጋ ሳይነገረው ያደገ ሰው ያኔ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ሐኪሙ ልጁን ላነጋግር ማለታቸው ደስ ብሎኛል፤ ሁሉም ሐኪም አይልም። ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የማይረባ የሚመስለውም አይሰረዝበት። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኳስ መጫወት እችላለሁ?» የሚለው ለእርስዎ ትንሽ፣ ለእሱ ግን ዋናው ሊሆን ይችላል። እዚያም ሐኪሙ እርስዎን «ምን ያመዋል?» ሲሉ «እሱ ይንገርዎ» ብለው ዞር ይበሉ። ቢንተባተብም አይቅደሙት።

ቀዶ ሕክምናውን እስከ ዕለቱ መደበቅ አይታሰብም። ለ5 ዓመት ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው መንገር ሊበቃ ይችላል፤ የ9 ዓመት ልጅ ግን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ማወቅ አለበት፤ መፍራት፣ መጠየቅ፣ መልሶ መጠየቅ አለበትና። ልጆችን የሚያስፈራቸው እኛ የምንፈራው ብቻ አይደለም። መሐል ላይ ብነቃስ? ልብሴን ማን ያወልቀዋል? ሽንቴ ቢመጣስ? በመድኃኒት እንደሚተኛ፣ ምንም እንደማይሰማው፣ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ የማደንዘዣ ባለሙያ እስከ መጨረሻው አጠገቡ እንደሚቆይ ይንገሩት። ሲነቃ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ ገላው ላይ ቱቦና ገመድ ይኖራል፤ አፉ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ካለ እስኪወጣ ድረስ መናገር አይችልም። ይህንን ሳያውቅ የነቃ ልጅ ድምፁ የጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ ከአሁኑ የእጅ ምልክት ተስማሙ፦ አንድ ጣት «አመመኝ»፣ ሁለት ጣት «ውሃ»፣ ጭብጥ «እማዬን ጥሩልኝ»። ምልክቱን ለነርሶቹም ይንገሯቸው። ደረቱ ላይ ጠባሳ እንደሚቀርም ከሌላ ሰው አይስማው።

ሲነቃ አጠገቡ መሆን መቻልዎን ግን አስቀድመው ሳይጠይቁ ቃል አይግቡለት። እ.ኤ.አ. በ1988 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ የተሰበሰቡ የአውሮፓ ማኅበራት ባወጡት የሆስፒታል ሕፃናት ቻርተር ልጅ ሁልጊዜ ወላጁ አብሮት እንዲሆን መብት አለው ብለዋል፤ ያ የማኅበራት ቻርተር እንጂ ሕግ አይደለም፤ አሠራሩም እንደየሆስፒታሉ ነው። «ስንት ሰዓት ላይ ታስገቡኛላችሁ?» ብለው ጠይቀው የተባሉትን በትክክል ለልጁ ያድርሱ። ካልፈቀዱ ለምን ብሎ መሟገትም ያለ ነው።

«እሞታለሁ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ካልመጣም እርስዎ ያንሡት፦ «ያን ቀን የጠየቅከኝ ነገር አልረሳሁትም። ምን አስበህ ነው?» ምናልባት አጠገቡ ተኝቶ የነበረ ልጅ አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ አይቶ ይሆናል፤ ያ ልጅ ድኖ ወደ ቤቱ ሄዶም ሊሆን ይችላል። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን የልጁ አደጋ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ከዚያ እውነቱ ይህ ከሆነ እንዲህ ይበሉት፦ «ሐኪሞቹ ትሞታለህ ብለው አያስቡም። ቀዶ ሕክምናው የሚደረግልህ ልብህ በደንብ እንዲሠራ ነው። ትልቅ ሥራ ስለሆነ በጣም ይጠነቀቁልሃል። እኔም እፈራለሁ፤ ስትፈራ ንገረኝ፣ አብረን እንፈራለን።» «በፍጹም! እምላለሁ!» አይበሉ። መሐላ ልጁን ያስጠረጥረዋል። እሱ ፊት ቢያለቅሱም ችግር የለውም፤ ብቻ ለምን እንደሚያለቅሱ ይንገሩት።

የአጎቱ ቪዲዮ ዛሬውኑ ይውረድ። ይህ ላይ ለዘብ ልል አልቻልኩም። ራቁት ደረቱን፣ ኦክስጅን የተሰካበትን አፍንጫውን የክፍሉ ልጆች ሊያዩት ይችላሉ፤ ከዓመታት በኋላም እሱ ራሱ ያገኘዋል። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ልጅም ገመናው የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ለሕክምናው ገንዘብ ማሰባሰብ ግድ ከሆነ ምን እንደሚጻፍ ያንብቡለት፤ ፎቶውን እሱ ይምረጥ፤ ፊቱ ባይታይ ከፈለገም አይታይ።

ትንሿን ግን እንዳትረሷት። አብራው መተኛት የተወችው ይጋባብኛል ብላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከመታመሙ በፊት ሲጫወቱ ደረቱን ገፍትራው «ልቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ» ብላ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ልጅ ያሰበው ወይም የተመኘው ነገር የሚደርስ ይመስለዋል። ሳትጠይቅዎትም ይንገሯት፦ «አንቺ ባደረግሽው፣ ባልሽውም፣ ባሰብሽውም አይደለም። የልብ ሕመም አይጋባም፤ አጠገቡ መተኛት ትችያለሽ።» የጉሮሮው ጀርም ግን ይጋባል፤ ስለዚህ ከልጆቹ አንዳቸው ጉሮሯቸውን ካመማቸው በቤት መድኃኒት ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋቸው ሂዱ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ብዙ ቤተሰብ «ቀዶ ሕክምናው ካለቀ መርፌው ይቀራል» ብሎ ያስባል፤ ልጁንም በዚሁ ያጽናናዋል። አይቀርም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። በሩ በሰው ሠራሽ ከተተካ ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ ደም ማቅጠኛና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ሊጨመርበት ይችላል። ተጠግኖ ነው የሚመለሰው ወይስ ተተክቶ? ከዚያ በኋላ ምን ምን ይቀጥላል? ይህንን ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ ሐኪሙን ጠይቁና መልሱን ከእናንተ ጋር እኩል ይስማ።